ቢላዋ ጓሮ ሲገባ

ሐኪሙ «ሥጋ ቀንስ፣ አትክልት ጨምር» ያለው ዕለት ቢላዋ ከክሊኒኩ የወጣው እንደተፈረደበት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ቤት ነበረው፤ ሰፈሩ ቢላዋ የሚለውም ለዚህ ነው። ቅጠል ማለት ለእሱ በሬ የሚበላው ነገር ነው።

ሚስቱ አዘነችለት፤ ግን አልተበገረችም። ውርርድ አመጣች።

«ጓሮው ላይ አትክልት እዘራለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹ በሚመጡበት እሁድ የምሳ ገበታውን ከሞላ፣ ሥጋ በሳምንት አንዴ። ካልሞላ ጓሮው ያንተ ነው፤ ከፈለግህ በሬ ከነቀንዱ ጥበስበት።»

«በዚያ ጉልበትሽ?» አለ ቢላዋ፤ ሳቁ አመለጠው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ጫማዋን የሚያስርላት እሱ ነበር።

«ጉልበቴን ለኔ ተወው።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው መሬቱን ቆፈረላት፤ የቲማቲም ችግኝም ተከለላት። የካሮትና የቆስጣውን ዘር እሷው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው በተነችው። ካሮቱ ሲበቅል እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ።

«አየህልኝ ብዛቱን! አደራ፣ አንዷን እንኳ እንዳትነቅልብኝ።»

የቢላዋ ልብ ዘለለች። ሚስቱ እህቷ ቤት እንደሄደች ጓሮ ገባ። ሁሉንም ቢነቅል ትነቃበታለች፤ ስለዚህ ሦስት እየነቀለ አንድ አስቀረ።

«ምን በላብኝ?» አለች ስትመለስ።

«ወፍ ነዋ!»

«ወይኔ ሀብቴ!»

ቢላዋ መኝታ ቤት ገብቶ ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።

ቀጥሎ ቲማቲሙ ሆነ። «ይኼ በግንዱና በቅርንጫፉ መሃል፣ እንደ ብብት ካለው ቦታ የወጣው ለጋ ቀንበጥ ነው ተስፋዬ» አለችው። «እሱ ከተነካ አለቀልኝ።»

አንድም ብብት አልቀረም። አጥንትና ሥጋ ሲለያይ የኖረ እጅ ነው፤ ቀንጥሶ ጨረሰው። ቲማቲሙ የተነጨ ዶሮ መሰለ።

ቆስጣው አመድ እንደማይወድ ከእሷ ሲሰማ የምድጃውን አመድ ጠራርጎ ዙሪያውን ነሰነሰበት። አትክልት በየጠዋቱ ውሃ ካገኘ ሥሩ ይበሰብሳል ስትለው ደግሞ፣ እሷ ሳትነሳ ባልዲ ተሸክሞ መመላለስ ጀመረ። ላቡ ጠብ እስኪል ሠራ። ቀበቶው ሰፍቶት አዲስ ቀዳዳ በሳ።

«ምነው ከሳህ?» አለችው።

«ላንቺ አዝኜ ነው እንጂ! ይኼን ሁሉ ለፍተሽ...»

በአጥር በኩል ልብስ ሰፊውን ጠራው። «ስማ፣ ልጆቹ በሚመጡበት እሁድ ጥርስህን ስለህ ና። ጓሮ ሙሉ ጥብስ ነው።»

«ሚስትህስ?»

«ሚስቴማ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ትበላለች።»

ከዚያ በኋላ ከሰል ሲገዛ፣ በግ ሲያማርጥ ሳምንታቱ አለፉ፤ ጠዋት ጠዋት በጭለማ ባልዲውን ደፍቶ ከመመለስ በቀር ጓሮውን ዞር ብሎም አላየው።

ያ እሁድ ደርሶ ልጆቹ መጡ። ጓሮ ገቡ፤ ጩኸታቸው ቤቱን ሞላው። ካሮቱ ሲነቀል የመዶሻ እጀታ ያህላል። ቲማቲሙ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። የቆስጣው ቅጠል አንድ እንኳ የተበላ ቀዳዳ የለውም። ገበታው ሞልቶ የተረፈው በቅርጫት ተቀመጠ።

ቢላዋ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አቤት ጥብስ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ካሮት እየቆረጠመ። «ጥርሴን ስዬ መምጣቴ በጀኝ።»

ቢላዋ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሳህኑን አነሳ፣ ጎረሰ፣ ዙሪያውን አየና ደገመ።

ማዕድ ቤት ውስጥ የሚስቱ እህት ቅጠሉን እያጠበች ጠየቀች። «ግን እቴ፣ ይኼን ሁሉ ብቻሽን እንዴት አደረስሽው?»

«ማን ብቻዬን ነኝ አለሽ? እንዲሠራልኝ የምፈልገውን ሁሉ ‹አደራ፣ እንዳታደርግ› እለዋለሁ።»