የዘጠኝ ሰዓቱ ደም

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ተረኛ በሆነችበት ቀን አባቷ ጠዋት ደረታቸውን ይዘው እሷው የምትሠራበት ሆስፒታል ገቡ። የልብ ጡንቻ ደም አጥሮት ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል፤ ስለዚህ በየሦስት ሰዓቱ ደም እየቀዱ ይለኩታል። የሦስት ሰዓቱ አርባ አለ። የስድስት ሰዓቱ ዘጠኝ መቶ።

“ደሜን ጨርሰሽ ልትሸጪው ነው እንዴ?” ብለው ቀለዱባት አባቷ አልጋቸው ድረስ ልትጠይቃቸው ስትመጣ።

የሚተካት ስላልነበረ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ የአባቷ ስም የተጻፈበት ብልቃጥ አገኘችና ለካችው። ስምንት። የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። ማሽኑን ስላላመነችው ደገመችው። አሁንም ስምንት።

ወደ ሕሙማኑ ክፍል ደወለች። “ወርዷል! የአባዬ ወርዷል!”

ስልኩን ያነሳችው ነርስ ናት። “እህቴ፣ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ… አባባ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ።”

“የዘጠኝ ሰዓቱን ማን ቀዳው ታዲያ?”

“ማንም አልቀዳም፣ የኔ እናት።”

ብልቃጡን ጨበጠችው፤ ገና ትኩስ ነው። ቀና ስትል መስኮቱ ላይ ሌላ ብልቃጥ ቆሟል። ስማቸው አለበት፤ የተቀዳበት ሰዓት አሥራ ሁለት ይላል። የግድግዳው ሰዓት ገና ዘጠኝ ከሩብ ነበር።