ሴት የማያስገባው ደሴት

እናትየዋ ዋና የምትችለው ውሃው ከጉልበቷ እስካላለፈ ድረስ ነው። ለልጇ ለትንግርት ግን «ፈተናሽን ካለፍሽ ጣና ላይ በጀልባ ወደ ደሴቱ ገዳም እወስድሻለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። ወደቡ ደርሰው ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያንገላታት ስታይ ልቧ ከዳት።

«የኔ ቆንጆ፣ ገዳሙ ለካ ሴት አያስገባም» አለች።

«እሺ እማዬ» አለች ትንግርት፤ ዳር ላይ ቁጭ ብላም እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። እናትየዋን በገዳም ስም መዋሸቷ ከውስጥ ቆረቆራት።

ከሰዓት ጀልባዋ ከደሴቱ ስትመለስ መጀመሪያ የወረዱት አንዲት መነኩሲት ነበሩ። እናትየዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ትንግርት ሮጣ ጉልበታቸውን ስትስም፣ እናትየዋ ልታስተባብል ከኋላዋ ደረሰች።

«ገዳሙን ተሳለምሽ ልጄ?» አሉ መነኩሲቷ።

«አልተሳለምኩም እማሆይ፤ እናቴ ውሃ ትፈራለች» አለች ትንግርት በሹክሹክታ። «እንዳወቅኩባት ግን እንዳይነግሩብኝ።»