ደህና አድሬአለሁ

ከቶኪዮ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ ያለውን የአርባ ዓመት ኮንዶሚኒየም ልትገዛ ስታይ፣ ልቧን የማረከው ቤቱ አልነበረም። በየበሩ እጀታ ላይ የተንጠለጠለው ቢጫ ጨርቅ ነበር። በመስከረም አገር ቤት አደይ የፈነዳበት ሜዳ መሰላት። «በራቸውን እንዲህ የሚያስጌጡ ጎረቤቶች ክፉ አይሆኑም» ብላ፣ ሳትከራከር ገዛችው።

የገባች ዕለት እንደ አገሬው ወግ ፎጣ በስጦታ ጠቅልላ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ሱሚኮ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት ጎንበስ ብለው ተቀበሏት። እሳቸውም ባዶ እጇን አልሰደዷትም፤ አንድ ቢጫ ጨርቅና አንድ ዘለላ ቁልፍ ሰጧት።

«ጨርቁን ጠዋት በርሽ ላይ ትሰቅያለሽ፣ ማታ ታወርጃለሽ። ደህና አድሬአለሁ ማለት ነው። እዚህ ሁላችንም የምንኖረው ብቻችንን ነው።»

«ቁልፉስ፣ እማማ?»

«እስከ እኩለ ቀን ጨርቅ ያልተሰቀለበት በር ካለ አንኳኪ። መልስ ካጣሽ ከፍተሽ ግቢ። እስከ ዛሬ የምገባው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ። ከሰባ ዓመት በታች ያለሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ለትልቅ ሰው እምቢ አይባል ነገር፣ ቁልፉን ተቀብላ ወጣች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ፎቅ ጀምራ በሮቹን እያየች ወረደች። ሁሉም ላይ ቢጫ ጨርቅ አለ። እፎይ ብላ ቤቷ ልትገባ ስትል ግን የሱሚኮን በር አየች። ባዶ ነው።

«እማማ! እማማ!» እያለች አንኳኳች። መልስ የለም። በየቁልፉ ላይ የተጻፈውን የበር ቁጥር እያየች ቁልፎቹን አገላበጠች። የሁሉም ጎረቤት ቁልፍ አለ። የሌለው የእሳቸው ብቻ ነው።