ወደ ኋላ የሚራመደው ማሽን

ወደ ፊት ሄደ።

ከካንቲኑ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በሁለት እጄ ቀለብኩት። የከሰል ማዕድናችንን ግዙፍ የመቆፈሪያ ማሽን አስመስዬ በልጆች መጫወቻ ጡብ የገጣጠምኩት ድራግላይን፣ ሲንግራውሊ ቀርቶ ሕንድ በሞላ ዓይታ የማታውቀው ጉድ፣ ክንዱ የእኔን ቁመት የሚያህል (ቢያንስ ስቀመጥ)፣ ወደ ፊት ሄደ። ድራግላይን ደግሞ ክንዱንና ባልዲውን ወደ ከሰሉ ጉድጓድ አዙሮ ሁልጊዜ የሚራመደው ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊት የተራመደ ዕለት ከነኦፕሬተሩ ገደል ነው።

ውጭ ከበሮው እየቀረበ ነበር። ሠራተኞቹ የእውነተኛውን ድራግላይን ኦፕሬተር፣ ሥራ ያስተማሩንን ኡስታድ ጃግዴዎን ለጡረታ ሽኝታቸው እያጀቡ እያመጧቸው ነው።

የስጦታ ነገር ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን ኡስታድ የኦፕሬተርነት ወንበራቸውን የሚወርሰውን ሰው ለሥራ አስኪያጁ የሚነግሩት በዚያው ዕለት ነበር፤ ወይ እኔን ቢርጁን፣ ወይ የሥራ ባልደረባዬን ቲራትን። ዕድሜዬን በሙሉ እውነተኛውን ማሽን ግሪስ ስቀባ የኖርኩት ለዚያች ወንበር ነው። ማሽኔ ልክ እንደ እውነተኛው ይራመዳል ብዬ ደግሞ ለማዕድኑ ሰው ሁሉ፣ ለሻይ ሻጩ ሳይቀር፣ ነጋሪት አስጎስሜያለሁ።

ሆዱን ከፈትኩት። ሞተሩ በተቃራኒው እንዲዞር ሁለቱም የባትሪ ድንጋዮች መገልበጥ አለባቸው። ከበሮው በሩ ላይ ደረሰ። አንዱን ገለበጥኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ወይስ ያንኑ መልሼ? በሩ ተበረገደ፤ ክዳኑን ገጠምኩ።

ኡስታድ የአበባ ጉንጉን እስከ ጆሯቸው ውጧቸው ገቡና የክብር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ማሽኑን አዩት እንጂ አላደነቁም። ቢጫ ጡብ አልቆብኝ የኦፕሬተሩን ክፍል ከሴት ልጄ መጫወቻ ቤተ መንግሥት በወሰድኩት ሮዝ ጡብ ነበር የሠራሁት፤ ቲራት ሙሽራ ልትድርበት ነው ወይ ብሎ ሰውን አሳቀብኝ። እኔም ትልልቅ ማሽኖች ሁሉ ጀንበር ስትጠልቅ ሮዝ እንደሚሆኑ፣ ይህንን የሚያውቅ ግን ዓይን ያለው ብቻ እንደሆነ አስረዳሁት።

«ይራመዳል ብለሃል አሉ፣» አሉ ኡስታድ።

«ይራመዳል፣ ኡስታድ።»

«እስቲ አስነሳው።»

ጣቴን ማብሪያው ላይ አደረግሁ። ባልዲው ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ስንዝር አይርቅም። ማብሪያውን ሳልጫን በሌላው እጄ የባትሪውን ክዳን ነካ ነካ አደረግሁ።

«ንካው እንጂ ወንድሜ፣» አለ ቲራት፣ «ወይስ እንደ ሠርግ ቀን ይቆረጥለት?»

«ይቆየኝ፣ ኡስታድ፣» አልኩ። «ወዴት እንደሚሄድ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ካንቲኑ ፈነዳ። ድንጋይ በድማሚት ሲናድ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ሳቅ ግን ጣራ ያነሳ ነገር አልሰማሁም። አንገቴን ደፍቼ በሁሉም ፊት ሆዱን ከፈትኩ። ሁለቱም ድንጋዮች እንደነበሩ ናቸው፤ ገለበጥኳቸው፣ በጣቴ እየዳሰስኩ አየኋቸው፣ ክዳኑን መለስኩ።

ቀና ስል የክብር ወንበሩ ባዶ ነው።

ኡስታድ ከማሽኑ ኋላ ሄደዋል። ቲራትን በክንዳቸው ገፋ አድርገው፣ ሥራ አስኪያጁንም ላዱ የተባለውን ጣፋጭ ከያዘው ሳህናቸው ጋር ፈቀቅ አድርገው መንገዱን አስለቀቁ። ከዚያም እውነተኛው ማሽን ሲራመድ ምልክት ሰጪው ለኦፕሬተሩ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዘረጉና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «በል ኦፕሬተር» ብለው ጠበቁኝ።