የመርማሪ ጓንጉል ሦስተኛ ቁልፍ

የኮሚክ ሠዓሊው መሸሻ ከሞተ አራት ዓመት አለፈው፤ እጁ ግን ሥራ አልፈታም። በአዲሱ ሕግ፣ ዝነኛ ሠዓሊ ሲሞት አሳሳሉን የተማረ ማሽን ይተካዋል። ሥዕሉ የሚታተመው ግን ሚስቱ በየሳምንቱ «የእሱ እጅ ነው» ብላ ስትፈርም ነው። አንድ ጊዜ ካልፈረመች ማሽኑ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል።

አስካለ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ፈርማለች። ዛሬ ግን ብዕሩን እንደያዘች ቀረች። በቀረበላት ሥዕል ላይ አገር ምድሩ የሚያውቀው የመሸሻ ገጸ ባሕርይ፣ መርማሪ ጓንጉል፣ ኮቱን ጥርቅም አድርጎ ቆልፎ ሌባ ያሳድዳል።

«ሦስተኛውን ቁልፍ ማን ተከለለት?»

«አንባቢዎች ጎደለ ብለው ሲጽፉ ማሽኑ አረመው፣ እትዬ» አለች ከማተሚያ ቤት የመጣችው ፌቨን።

ኮቱ የመሸሻ የራሱ ነበር። በተጋቡ በዓመቱ ቁልፉ ተበጥሶ «ትከይልኝ» ቢላት፣ «አንተ እጅ የለህም?» አለችው።

«እንግዲያው አንቺ እስክትተክዪው ጓንጉልም እንዲሁ ይዞራታል» አለ። እሷ እልኸኛ፣ እሱ እልኸኛ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለዚያ ቁልፍ ሳለው።

«ይፈርሙልኝ እንጂ» አለች ፌቨን። «ካልፈረሙ እኮ ማለቁ ነው።»

«የእሱ እጅ አይደለም» ብላ ብዕሩን መለሰችላት።

ልጅቷን ሸኝታ በሩን ዘጋች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮት አወረደች። ቁልፉ ዛሬም ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። መነጽሯን አደረገችና በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባች።