ዕጣው ከመውጣቱ በፊት

የኮንዶሚኒየም ዕድለኞቹ የፎቅ ዕጣ ከማውጣታቸው በፊት የግቢውን ደንብ ለማጽደቅ በወረዳው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ደንቡን ያረቀቁት በከዘራ የሚሄዱት ጡረተኛ የሕገ መንግሥት መምህር ነበሩ።

«ከምድር ቤቶቹ ፊት ያለው መሬት የምድር ቤት ነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ይሁን» አሉ።

«ታዲያ እኛ ልብስ የት ልናሰጣ ነው?» አለች የአምስት ልጆች እናት ዘርፌ።

«እናንተ እነማን ናችሁ? ስንተኛ ፎቅ እንደሚደርስሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በምን አውቄ፣ ጋሼ!»

«በይ ደስ ይበልሽ። አገርም በትክክል የሚመሠረተው እንዲህ ነው። ነገ ጌታ ይሆን ሎሌ ይሆን የማያውቅ ሰው ለማንም አያዳላም።»

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ዘርፌም እያቅማማች እጇን አወጣች። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ ዕጣው ወጣ። ዘርፌ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። የዕጣው ሳጥን ባዶ መሆኑን ስታይ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳያወጡ አለቀ እኮ!»

«እኔማ ዕጣው ውስጥ የለሁበትም» አሉ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ። «የወረዳው ሰዎች ለእግርዎ ይሻላል ብለው ምድር ቤት ሰጥተውኝ ቁልፉን ከወሰድኩ ወር አለፈኝ። ጎመኑም በቅሏል።»