ነፋስ ያደረቀው ዓይን

አምና በእህቱ ሠርግ ማግስት፣ ነፋስ ዓይኑን እንዳያደርቅበት መነጽር አድርጎ በብስክሌት ሲመጣ፣ «ፓይለቱ ደረሰ» ብሎ ዘመድ አዝማድ ያሳቀበት ይኸው ሰው ነበር፤ የእህቱ ባል። አሁን በብስክሌት ሲያልፍ፣ ይኸው ሰው አዲስ ብስክሌቱን መንገድ ዳር ጥሎ፣ በርበሬ የመሰለ ዓይኑን በአቧራማ ጓንት እያሸ አገኘው።

«አሸዋ የሞላው መሰለኝ። እስቲ ያቺን የዓይን ጠብታህን።»

«አትሸው። ቀና በል።»

አገጩን በሁለት ጣት ይዞ ቀና አደረገው። ሰውዬው እንደሚጎርስ ሕፃን አፉን ከፈተ። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣው ይህ አፍ ነበር እንዴ? በየዓይኑ አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረገለት።

«ጨፍነህ ቆይ።»

«እሺ። ለእህትህ ግን እንዳትነግራት፤ መሳቂያ ታደርገኛለች። እሺ በለኝ እንጂ።»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ መልስ ሲጠብቅ፣ እሱ ጠብታውን ኪሱ ከቶ የራሱን ብስክሌት እየገፋ ሄደ።